የእህቴ ቦይለርና የቅዳሜው ቀጠሮ

ደብረ ታቦር ውስጥ ቤቱን በሙቅ ውሃ ቧንቧ የሚያሞቅ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የእህቴን ቤት ያሳዩአችኋል። ያንን ነገር ማን ገጠመው ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ እኔን ያሳዩአችኋል። ባያሳዩአችሁም እኔው እነግራችኋለሁ፤ በዚህ አላፍርም። ትምህርት ቤት የተቀመጥሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ብረት ነው። የወፍጮ ሞተር፣ ሬዲዮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ፈትቼ ያልገጠምሁት ነገር ቢኖር የራሴ ጉልበት ብቻ ነው። የተወለድሁት የንጉሡ መድፍ በተሠራበት በጋፋት ነውና «የጋፋት ልጅ ብረት አይፈራም» እላለሁ። እህቴ ይህን ስትሰማ፣ «እኔስ የት የተወለድሁ መሰለህ? ምስማር እንኳ ሳላጣምም መትቼ አላውቅም» ትለኛለች።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ፊት ለፊት እትዬ፣ አንቱ ነው የምላት። እዚህ ግን ወረቀት አይቆጣምና እሷ እያልሁ እጽፋለሁ።

ቦይለሩ የመጣው ከመንገድ ሠሪዎች ካምፕ ነው። የውጭ አገር መሐንዲሶቹ ከጉና የሚወርደውን ብርድ አልቻሉትም መሰለኝ፣ ለአለቃቸው መኖሪያ ማሞቂያ አስመጥተው ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ዕቃው በጨረታ ወጣ። ሰው ሁሉ በቆርቆሮና በአልጋ ሲሻማ እኔ ጥግ ላይ የተጣለውን ነጭ ብረት አየሁ። አንድ ቦይለር፣ አምስት ራዲያተር፣ አንድ ትንሽ ፓምፕ። የመኪና ራዲያተር ሞተር ያቀዘቅዛል፤ ይኸኛው ደግሞ ሰው ያሞቃል፤ ነገሩ አንድ ነው። እህቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሳምባ ታማ ተኝታ ነበርና ሐኪሙ «ብርድ እንዳይነካት» ብሎ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ወዲያው ባሕር ዳር ለምትኖረው ልጇ ስልክ ደወልሁ።

«ይህን ግዢ። የእናትሽን ቤት ቆላ አደርገዋለሁ» አልኋት።

«ጋሼ፣ ይችሉታል?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን ያስቆጣል። ግን ገዛችው።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ ቀላል ነው። ቦይለሩ ሆዱ ውስጥ ያለውን ውሃ በኤሌክትሪክ ያሞቃል። ፓምፑ ውሃውን በቧንቧ ይገፋዋል። ውሃው አምስቱን ራዲያተሮች ዞሮ ሙቀቱን ሰጥቶ፣ ቀዝቅዞ ይመለስና እንደገና ይሞቃል። አይቀዳም፣ አይጠጣም፤ ያው ውሃ ነው የሚዞረው። መብራቱ ኃይለኛ መስመር ይፈልጋል፤ እሱም አላሳሰበንም፤ የእህቴ ባል ነፍሱን ይማረውና ግቢው ውስጥ ወፍጮ ነበረው፣ ሠላሳ ዓመት ወፍጮውን የጠገንሁትም እኔ ነኝ። ወፍጮው ቆሟል፤ መስመሩ ግን አለ። ቦይለሩን እዚያው ወፍጮ ቤት አቆምሁት።

ገጥሜ ስጨርስ ለቦይለሩ የቀረበው ራዲያተር እጅ ያቃጥል ጀመር፤ የመጨረሻው፣ የእህቴ መኝታ ቤት ያለው፣ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ፓምፑን ይረግም ነበር። እኔ ግን አንበሳሜ በኩል መስኖ ሲያጠጡ አይቻለሁ። ላይኛው እርሻ ያለው ሰው ቦዩን አፉን ከፍቶ ከለቀቀው ታችኛው እርሻ ጠብታ አይደርሰውም። ስለዚህ የውሃ አባቱ፣ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሽማግሌ፣ ላይኛውን በሣርና በጭቃ ጠበብ ያደርግበታል። እኔም የፊተኞቹን ራዲያተሮች ቫልቭ ሩብ ሩብ ብቻ ከፍቼ የመጨረሻውን ለቀቅሁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስቱም እኩል ሞቁ። ይህን መጽሐፍ አልነገረኝም። ከቦይለሩ ጋር የመጣ መጽሐፍ ነበር፤ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ የወፍጮ ቤቱን መስኮት ስንጥቅ ደፈንሁበት።

አንድ ነገር ቀረ። ግድግዳ ላይ የምትሰቀል፣ መዳፍ የምታክል ነጭ ሳጥን አለች፤ ቦይለሩን ተነሣ፣ ተኛ የምትለው እሷ ናት። ቁጥር ታሳያለች። ሥሯ ያለውን ጉጥ ሳዞረው ቁጥሩ ስለሚለወጥ፣ ያ ቁጥር እኔ ያዘዝሁት የሙቀት ልክ ነው ብዬ አመንሁ። ዐሥራ ስምንት ላይ አድርጌ ሰቀልኋት። የሰቀልኋትም ጓዳ ነው፤ በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል፣ ፀሐይ የማያገኛት፣ በር የማይነፍስባት፣ እንግዳ የማይነካካት ቦታ። በጣም ያሰብሁበት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱ ሞቀ። እኔም ምሳዬን ከምበላበት ከእህቴ ቤት የማልወጣ ሆንሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እህቴ ናት ምሳ የምታቀርብልኝም፣ የምትሰድበኝም። ሁለቱም ያስፈልጉኛል።

ባለፈው ኅዳር ግን ውርጩ ሲጀምር መኝታ ቤቷ በረደ። እህቴ ለኔ ሳትነግረኝ ሁለት ቀን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ ተኛች። እሑድ ልጇ ስትደውል እናቷ ስታስል ሰማች። ሰኞ በጥዋት ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ቅዳሜ እመጣለሁ። ቤቱ ሞቆ ካገኘሁት እሰየው። ካልሞቀ ግን ልብሷን ሰብስቤ ባሕር ዳር እወስዳታለሁ። ያን ጊዜ አይከራከሩኝ።»

«እስከ ቅዳሜ? እኔ እስከ ምሳ አሞቀዋለሁ» አልኋት።

እህቴ ወሬውን ስትሰማ ጋቢዋን ጠቅልላ ቁጭ አለች።

«ባሕር ዳር ሄጄ ምን ልሁን? የባሕሩን ዓሣ ልቁጠር?» አለች። «በሚመጣው ወር የማኅበሩ ተራ የኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ጽዋ ያነሣሁበትን ማኅበር ትቼ ልሂድ? ደግሞ አንዴ ከሄድሁ አትመልሰኝም። ሰው እንደሆነ ከሰው ቤት የሚመለሰው በሣጥን ነው።»

ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። ዓይኗ ግን አልሳቀም። መሣሪያዬን አንሥቼ ገባሁ።

የሰኞው ብልሽት ቀላል ነበር። የመኝታ ቤቱ ራዲያተር ከታቹ ለብ ይላል፣ ከላዩ በረዶ ነው፣ ሆዱም እንደ ራበው በሬ ይንጎራጎራል። አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ውሃ ባለበት አየር ከላይ ይቀመጣል፤ አየር ካለ ሙቅ ውሃው አያልፍም። ራዲያተሩ ጫፍ ላይ ማስተንፈሻ አለ፤ ቁልፉ ከዕቃው ጋር ስላልመጣ እኔ ከአሮጌ የጓጉንቸር ቁልፍ ሞርጄ ሠርቼለታለሁ። ጨርቅ ይዤ ትንሽ ፈታ ሳደርገው «ፍስስስ» እያለ ብዙ ተነፈሰ። ከዚያ ውሃ ተፋ፣ ዘጋሁት። የወጣውን አየር ያህል በጎማ ውሃ ጨመርሁበትና የቦይለሩ ግፊት መለኪያ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከምሳ በፊት ራዲያተሩ ከላይ እስከ ታች ሞቀ።

ማክሰኞ ለልጅቱ ደወልሁ። «ሞቋል። ነዳጅ አታባክኚ።»

«ቅዳሜ በዓይኔ አያለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። ከእናቷ የወረሰችው ጠባይ ነው።

እኔም ያን ቀን ገበያ ወጥቼ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አየር እንዴት እንደሚወጣ አስተማርሁ። ረቡዕ ቀትር ላይ ለምሳ ስመጣ አምስቱም ራዲያተሮች ቀዝቅዘው ጠበቁኝ። አንዱ አይደለም፤ አምስቱም።

«መሐንዲሱ መጣ» አለች እህቴ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ። «ግባና ብረትህን ቅበር።»

ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ቦይለሩ ላይ ሁለት መብራት አለ፤ አረንጓዴው ኃይል አለ ማለት ነው፣ ቀዩ እያሞቅሁ ነው ማለት ነው። አረንጓዴው በርቷል፣ ቀዩ ጠፍቷል። ፓምፑም ዝም ብሏል። በመጀመሪያ መስመሩን ፈተሽሁ፤ ሦስቱም ሽቦ ኃይል አላቸው። ከዚያ ወደ ቤት ጮኼ ጠየቅሁ።

«እትዬ! ጓዳ ያለችው ሳጥን ስንት ትላለች?»

መልሱ ትንሽ ዘገየ። «ሃያ ሦስት!»

ዐሥራ ስምንት ነበር ያዘዝሁት። በርዷት ጨምራው ነው ብዬ አሰብሁ። ከፍ ብሎ ከታዘዘ ደግሞ ይበልጥ ማሞቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ሳጥኗ ደህና ናት ብዬ ተውኋት። ይህ የኔ ስሕተት ነው። በዕድሜዬ ብዙ ስሕተት የለኝምና ይህችን ብጽፍ አይጎድልብኝም።

ጥፋቱን በፓምፑ ላይ አደረግሁ። ሐሙስ ሙሉ ቀን ስፈታው ዋልሁ። የፊቱን ብሎን ስፈታ ቡና የመሰለ ጥቁር ውሃ ፊቴ ላይ ተረጨ። አጠብሁት፣ ዘንጉን በካቻቢቴ አዞርሁት፤ እንደ ልብ ይዞራል። አውጥቼ በቀጥታ ኃይል ሰጠሁት፤ እንደ ንብ እምም አለ። ፓምፑ ጤነኛ ነው። የማሞቂያውን ብረት ለካሁት፤ እሱም ጤነኛ ነው። ሁሉም ጤነኛ፣ ቤቱ ግን ውርጭ። ሐሙስ ማታ ልብሴን ለማጠብ ጓዳ ካለው በርሜል ውሃ ልቀዳ ስል እህቴ በሩ ላይ ቆመችብኝ።

«እዚያ አትግባ። ዱቄት ተበትኗል፤ በዚያ ጥቁር እግርህ ትረግጠዋለህ።»

«እትዬ፣ ዱቄቱን እኔ እጠርገዋለሁ።»

«አንተ? ከልጅነትህ ጀምሮ መጥረጊያ ነክተህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው፤ ነክቼ አላውቅም። ተመለስሁ።

ዓርብ ጥዋት የእህቴ የንስሐ አባት መጡ። ከኔ ጋር እኩያ ነን፤ ልጅ ሆነን አብረን ከብት አግደናል፣ አብረንም ተደብድበናል። እሳቸው ቄስ ሆኑ፣ እኔ ብረት ያዝሁ። ዓርብ ዓርብ ጸሎት አድርሰውላት፣ ራዲያተር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ትንሽ ይሞቃሉ። ያን ቀን ጀርባቸውን ሰጥተው ወዲያው ተነሡ።

«አንተ የጋፋት ልጅ፣ ይህን ብረት ማን አወገዘው?» አሉኝ።

«አባ፣ አይቀልዱ። ነገ ልጅቱ ትመጣለች። ካልሞቀ ትወስዳታለች።»

ይህን ስል እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሳቸውም ቀልዱን ትተው ተከትለውኝ ወፍጮ ቤት ገቡና የተገለበጠ ቁና ላይ ተቀመጡ።

ጮክ ብዬ ነው የማስበው። «ኃይል አለ። ውሃ ሞልቷል። አየር የለም። ፓምፑ ደህና ነው። ማሞቂያው ደህና ነው። ታዲያ እምቢ ያለው ማን ነው?»

«እምቢ ያለ የለማ» አሉ ቄሱ። «ዲያቆኑ ቆሟል፣ ከበሮው አለ፣ ጧፉ በርቷል፤ ቅዳሴው ካልተጀመረ ቀዳሹ ካህን አልመጣም ማለት ነው። ያላዘዘውን ፈልግ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ምክር ከራሴ ነው ብሎ ይጽፍ ነበር። እኔ ግን የሌላ ሰው ክብር አያስፈልገኝም፣ የራሴ ይበቃኛል። ያሉትን እንደሰማሁ ከጓዳው ሳጥን የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች ከቦይለሩ ላይ ነቀልሁና ቦታቸውን በአጭር ሽቦ አገናኘሁት። ቀጭ! ቀዩ በራ። ፓምፑ እምም አለ። ቦይለሩ ያጣው ጤና ሳይሆን ትእዛዝ ነው።

«በቃ እንዲህ ተወው» አሉ ቄሱ።

«እንዲህ ከተውሁት ማቆሚያ የለውም፤ ሲያሞቅ ውሎ ሲያሞቅ ያድራል።» ሽቦውን አላቀቅሁትና ወደ ቤት ሄድሁ።

«እትዬ፣ ሳጥኗ አሁን ስንት ትላለች?»

እህቴ ጓዳ ገብታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ወጣች። «ሃያ ስድስት።»

«ለምን ነኳት?»

«እኔ? ነክቻት ከሆነ ጣቴ ይቆረጥ! ያንተን ዕቃ መቼ ነክቼ አውቃለሁ?»

እህቴ በጣቷ ምላ ዋሽታ አታውቅም። ቆምሁ። ካልነካቻት ቁጥሩን ማን ጨመረው? ረቡዕ ሃያ ሦስት፣ ዓርብ ሃያ ስድስት። ያኔ ነው የገባኝ። ቁጥሩ እኔ ያዘዝሁት አይደለም። ሳጥኗ የሚሰማትን ሙቀት ነው የምትናገረው። ጉጡን ሳዞር ትእዛዙን ለአፍታ ታሳያለች፣ ከዚያ ወደ ራሷ ስሜት ትመለሳለች። ዓመት ሙሉ ቤቱ ዐሥራ ስምንት ሆኖ ስለኖረ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆነው አታለሉኝ። ስለዚህ እኛ ሳሎን ውስጥ ትንፋሻችን እየታየ፣ ጓዳው ብቻውን ሃያ ስድስት ነው። ሳጥኗም ቤቱ ሞቋል ብላ ቦይለሩን ታስተኛለች።

«እትዬ፣ ጓዳው ውስጥ እሳት አለ?»

«የምን እሳት?»

«አባ፣ ጓዳ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ?»

ቄሱ ጣራውን ያዩ ጀመር። ቆርቆሮው ላይ አዲስ ነገር ያለ ይመስል ትክ ብለው አዩት።

«እኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በንስሐ የሰማሁትን አልናገርም።»

«አባ!» አለች እህቴ።

«ምን አልሁ? አልናገርም ነው ያልሁ!»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ማን ያስቆመኛል? ገባሁ። የተበተነ ዱቄት የለም። ሳጥኗ ከተሰቀለችበት ሥር፣ ከጤፍ ጆንያው ጀርባ፣ ጋቢ የለበሰ ትልቅ ቅርጫት ተቀምጧል። ጋቢውን ገለጥሁት፤ ድንጋይ ተጭኖበታል። ድንጋዩን አነሣሁ፤ የጉሎ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ገለጥሁት፤ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። እጄን ስከተው እንደ ሚጥሚጣ ሳይሆን እንደ ትኩሳት ይሞቃል። ገብሱ ነጭ ጢም አውጥቷል።

ብቅል ነው።

ቤት ውስጥ ጠላ ሲጠመቅ ያላየ ካለ ልንገረው። የራሰ ገብስ በቅጠል ተጠቅልሎ ሲታፈን ይበቅላል፤ ሲበቅልም ማንም ሳያነድበት ከራሱ ይሞቃል። ይህን የአገሬ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ብቅል ከግድግዳ ላይ ሳጥን ጋር ተነጋግሮ ቤት ያቀዘቅዛል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ገብስ።»

«ገብስ ነው የሚተነፍሰው?»

እህቴ የጓዳው ደፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇ ሐኪሙን ተከትላ ጠላ መጥመቅ ከልክላታለች፤ እንስራ መሸከም፣ ምጣድ ማሰስ፣ ጭስ ውስጥ መቆም፣ ሁሉም ክልክል። «ከገበያ እገዛለሁ» ብላ ቃል ገብታ ነበር። ቃሉን ስታፈርስ ጊዜ ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው፤ ለኔ ግን አልነገረችኝም፤ አፌን ታውቀዋለች።

«የማኅበሬን ጠላ ከገበያ?» አለች። «ሠላሳ ዓመት በእጄ ጠምቄ ያጠጣኋቸውን ሰዎች፣ በመጨረሻ ዘመኔ ማን እንደጠመቀው የማይታወቅ ነገር ላቅርብላቸው? ጓዳው ይሞቃል ብዬ ነው እዚያ ያስቀመጥሁት። አንተ አይደለህ ‘የቤቱ እምብርት እዚህ ነው’ ያልኸኝ?»

ብያታለሁ።

ከዚያ እህቴ ተነሣችና ቅርጫቱን በሁለት እጇ ያዘች። «በቃ ይጣል። ቤቱ ይሙቅ። ጠላው ይቅርና እኔ እዚህ ልቅር።»

እህቴ ጠላዋ ይጣል ስትል ሰምቼ አላውቅም።

«ማንም ምንም አይጥልም» አልሁ። «የኔን ማሞቂያ አንድ ቁና ገብስ አሸነፈው ሊባል ነው? ሳጥኗን አነሣታለሁ፤ ብቅሉንም ከዚህ የተሻለ ቦታ አገኝለታለሁ።»

«የት?»

«ቦይለሩ ጀርባ ላይ!»

ቄሱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ይኸ ነው የጋፋት ልጅ!» ብለው የቅርጫቱን አንድ ጆሮ ራሳቸው ያዙልኝ፤ ሁለታችን ሽማግሎች ተሸክመን ወፍጮ ቤት፣ ቦይለሩ ጀርባ አስቀመጥነውና ልጅቱ እንዳታየው ጆንያ አለበስሁት። ከዚያ ሽቦ አስረዝሜ ሳጥኗን ሳሎን ውስጥ፣ ሰው በሚቀመጥበት ከፍታ፣ ከራዲያተርም ከመስኮትም አርቄ ሰቀልኋት። ዐሥራ አንድ ብላ ተናገረች። ስሜቷን ነው የተናገረችው፤ አሁን ቋንቋዋን አውቄያለሁ። ቦይለሩ ቀጭ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳሎኑ ዐሥራ ስምንት ገባ። እህቴ አንዱን ጋቢ አወለቀች። ከዚያም ሁለተኛውን።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጅቱ መጣች። ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛለች፤ ለእናቷ ልብስ መሆኑ ነው። ገብታ ሳሎን መሐል ቆመች። ጃኬቷን ፈታች። የእናቷን እጅ ያዘች፣ ከዚያ ጉንጯን ዳሰሰች። መኝታ ቤት ገብታ ራዲያተሩን ነካች። እኔ ተከትያት እየዞርሁ፣ «ያንን ንኪው፤ ይህንንም ንኪው» እላለሁ።

«ጋሼ፣ ሞቋል» አለች። «ግን ነገ ተመልሶ እንዳይበላሽ፣ ምን እንደነበረ ልይ።»

ጠባይዋን ነግሬያችኋለሁ። ወፍጮ ቤት አመራች። ቀድሜያት ገብቼ ከቦይለሩ ፊት ቆምሁና ስለ አየር፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ፓምፕ ያለኝን ዕውቀት ሁሉ ዘረገፍሁ። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ከትከሻዬ በላይ አየች።

«ጋሼ፣ ቦይለር ጉሎ ይለብሳል እንዴ?»

ቅጠሏ ከጆንያው ሥር ጫፏን አውጥታ ኖሯል። እኔ ሳልናገር እህቴ ከኋላችን ደረሰች። እየሮጠች ነው የመጣችው፤ ሐኪሙ ሩጫንም ከልክሏት ነበር።

«እሱን ተዪው፣ የኔ ነው። ቃሌን ያፈረስሁ እኔ ነኝ። ከሆነም ሻንጣሽን ክፈቺ» አለች።

ልጅቱ ጆንያውን ገለጠች፣ ድንጋዩን አነሣች፣ እጇን እስከ አንጓዋ ብቅሉ ውስጥ ከተተች። ትንሽ ቆየች። ባሕር ዳር በቢሮ የምትውል ሰው ናት፤ ግን በዚያው ቤት ውስጥ ነው ያደገችው።

«ደርሷል» አለች። «ዛሬ ካልተሰጣ ይገማል።»

እህቴ አየቻት።

«ሰሌኑ የት ነው ያለው?» አለች ልጅቱ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «እኔ አሰጣዋለሁ። የምትቀመጪው ግን ከቤት ውስጥ ነው፣ እማ። ለመጥመቁም ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ እንስራውን እኔ እሸከማለሁ፤ አንቺ በአፍሽ ታዥኛለሽ። ከተስማማሽ ሻንጣውን መኪና ላይ እመልሳለሁ።»

«በአፌማ ማዘዝ መች ይጠፋኛል!» አለች እህቴ።

ብቅሉ በግቢው ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሻንጣው ባዶውን ባሕር ዳር ተመለሰ።

በወሩ ማኅበርተኛው ሁሉ በእህቴ ቤት ተሰበሰበ። ውጭ ውርጭ፣ ውስጥ ሰው ነጠላውን እየፈታ ይቀመጣል። ጠላው ጥሩ ወጥቶ ነበር፤ ልጅቱ ቀድታ እናቷ ወንበር ላይ ሆና፣ «ለዚያ ጨምሪለት፣ ይህኛው ይበቃዋል» እያለች ታዛለች። ይህኛው የተባልሁት እኔ ነኝ። ከማኅበርተኛው አንዱ፣ «ይህ ቤት እንዴት እንዲህ ሞቀ?» ብሎ ሲጠይቅ ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ባለበት አየር ከላይ ይቀመጣል...»

«ከብቅሉ ጀምር!» አለች እህቴ ከወንበሯ።

ቄሱ ጣራውን ማየት ጀመሩ። እኔም ምን አደርጋለሁ፣ ከብቅሉ ጀመርሁ።